በመዝገብ የሰፈረ ሀብት

በአገራችን ሀብት ለረጅም ዘመን በዓይን የሚታይና በእግር የሚረገጥ ነገር ነበረ፤ ርስቱ በድንበሩ፣ ከብቱ በበረቱ፣ እህሉ በጎተራው ይታወቅ ስለ ነበር የባለቤቱን ማንነት ለመመስከር የአገር ሽማግሌ ይበቃ ነበር። አክሲዮን የተባለው ሀብት ግን በመዝገብ ላይ ከተጻፈ ስምና ከስሙ ትይዩ ከሰፈረ ቁጥር በቀር ሌላ አካል የለውም፤ ስለዚህ የዚህን ሀብት ታሪክ የሚመረምር ሰው ስንት ስም ተጻፈ ብሎ ብቻ ቢጠይቅ የሚያገኘው የታሪኩን እኩሌታ ነው፤ የቀረው እኩሌታ በየስሙ ትይዩ ምን ያህል ተጻፈ፣ መዝገቡንስ በየዘመኑ የጻፈውና የፋቀው ማን ነበር በሚለው ጥያቄ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል።

ነገሩ የሚጀምረው በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1886 ዓ.ም ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ የማሠራት ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፣ ኢልግ ከፈረንሳዊው ከሊዮን ሸፍኔ ጋር ያቋቋመው ኩባንያ በስሙ የኢትዮጵያ ይባል እንጂ ገንዘቡ የተሰበሰበው ከአውሮፓ ነበረ፤ ስለዚህም ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደርሶ ካዝናው በተራቆተ ጊዜ የኩባንያው ዕድል የተቆረጠው በአዲስ አበባ ሳይሆን በውጭ ባለገንዘቦችና ከጀርባቸው በቆሙት መንግሥታት መካከል ሆነ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ፈርሶ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የተባለ ሌላ ኩባንያ ሥራውን ተረከበ፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው።

የባንኩም ነገር ከዚህ የራቀ አልነበረም። በ1897 ዓ.ም ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገው ውል መሠረት የካቲት 8 ቀን 1898 ዓ.ም ተመርቆ የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክ፣ ካፒታሉ 500,000 የእንግሊዝ ፓውንድ፣ የፈቃዱም ዘመን 50 ዓመት ነበር፤ አክሲዮኑም በለንደን፣ በፓሪስ፣ በኒው ዮርክና በቪየና ሲሸጥ በአዲስ አበባም ለመኳንንቱና ለነጋዴው ቀርቦ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡን በሣጥን ቆልፎ ወይም በመሬት ቀብሮ ማኖር ልማዱ ለሆነ ሰው፣ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብሩን ሰጥቶ ወረቀት መቀበል እንግዳ ነገር ነበረና የባንኩ እውነተኛ ጌቶች በካይሮ ተቀመጡ። አጼ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ በዓመቱ፣ በነሐሴ 1923 ዓ.ም፣ ይህ ሁኔታ በአዋጅ ተለወጠ፤ የግብፁ ባንክ ካሣ ተቀብሎ መብቱን ለቀቀ፤ በምትኩ በ750,000 ፓውንድ ካፒታል የኢትዮጵያ ባንክ ተቋቋመ፤ ከአክሲዮኑም 60 በመቶው የመንግሥት ሆነ። መዝገቡ ከባዕድ እጅ ወጥቶ ወደ መንግሥት እጅ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ነገር ግን አምስት ዓመት ሳይሞላው የጣልያን ወረራ መጥቶ ባንኩን አፈረሰው።

ከድል በኋላ የመንግሥት ባለቤትነት የበለጠ ግልጽ መልክ ያዘ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 2.5 ሚሊዮን ብር የሆነው ካፒታሉ በ25,000 አክሲዮን የተከፈለ ነበረ፤ ሃያ አምስት ሺውም አክሲዮን ግን የአንድ ባለቤት፣ ይኸውም የመንግሥት ነበር። በ1956 ዓ.ም በፈረሰው ባንክ ምትክ የቆመው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ በተለያዩ ጊዜም ንግድ ባንኩ በ20 ሚሊዮን ብር ካፒታል አክሲዮን ማኅበር ተብሎ ሲቋቋም፣ ማኅበርተኛው እንደ አየር መንገዱ ሁሉ መንግሥት ብቻ ሆነ። ሕጉ የማኅበርን ስም ሰጥቶ፣ ገንዘቡን በድርሻ ሸንሽኖ፣ ሽንሽኑን ሁሉ መልሶ ለአንድ እጅ ማስያዝ ለአገራችን እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን የግለሰቦችም ስም በመዝገቡ ላይ መታየት ጀምሮ ነበር። ፈረንሳውያኑ የሕግ ሊቃውንት ዣን ኤስካራና ከእርሱም በኋላ አልፍሬድ ዦፍሬ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም የንግድ ሕግ፣ አምስት ሰዎች ተሰብስበው አክሲዮን ማኅበር ማቆም እንዲችሉ ፈቀደ፤ አክሲዮኑም በስም የተመዘገበ ወይም ለአምጪው የሚከፈል፣ ማለትም ወረቀቱን በእጁ የያዘ ሁሉ ባለቤት የሚሆንበት፣ ሊሆን እንደሚችል ደነገገ። ከዚህ ሕግ መውጣት በፊትና በኋላ ሁለት ዓይነት ኩባንያዎች በቀሉ፤ አንደኛው ወገን በባዕድ ገንዘብ የቆመው ነው፤ ከእርሱም ዋነኛው በኢንዶኔዥያ የነበረውን እርሻ በማጣት ላይ ሳለ ወደ ወንጂ መጥቶ በ1946 ዓ.ም ስኳር ማምረት የጀመረው የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ነበረ። የዓለም የመጀመሪያው ታላቅ የአክሲዮን ገበያ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1602 ከተመሠረተው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ጋር የተወለደባት አምስተርዳም የኤች ቪ ኤም እናት ከተማ ነበረችና፣ ኢትዮጵያዊው ሹምና ነጋዴ ስለ አክሲዮን ከዚህ ኩባንያ ወረቀት የተማረው ነገር ሳይኖር አይቀርም። ሁለተኛው ወገን ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ያነሣሱት ነው፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ በ2 ሚሊዮን ብር ሥራ የጀመረው፣ አቶ ደበበ ሀብተ ዮሐንስ የመሩት የአዲስ አበባ ባንክ አክሲዮን ማኅበር 40 በመቶውን ለለንደኑ ናሽናል ኤንድ ግሪንድሌይስ ባንክ ሰጥቶ የቀረውን በኢትዮጵያውያን እጅ አቆየ፤ በ1961 ዓ.ም መባቻም ካፒታሉን ወደ 5 ሚሊዮን ብር አሳደገ።

በዚያው በ1950ዎቹ ማብቂያ ብሔራዊ ባንክ የአክሲዮን ገዥና ሻጭ የሚገናኙበትን የአክሲዮን ንግድ ቡድን አቋቁሞ ስለ ነበር፣ ዛሬ እንደ አዲስ ነገር የምናየው የአክሲዮን ገበያ ከስድሳ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ተሞክሯል። ከቡድኑ ገበታ የሚቀርቡት ከመኳንንት፣ ከከፍተኛ ሹማምንት፣ ከመርካቶና ከፒያሳ ነጋዴዎች እንዲሁም ከውጭ አገር ተቀማጮች የማያልፉ ነበሩ፤ ገበሬው በርስቱ ጭሰኛው በባለርስቱ ጉዳይ ተጠምዶ ሳለ ስለ አክሲዮን የሚሰማበት ምክንያት አልነበረውም። 

ከዚህ በኋላ አብዮቱ መጣ። ደርግ ገና ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሳያወርድ፣ በ1966 ዓ.ም ክረምት፣ የንጉሣውያን ቤተ ሰብ አክሲዮን አለባቸው ያላቸውን የአንበሳ አውቶቡስንና የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን ለመንግሥት አደረገ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም ባንኮችና የመድን ኩባንያዎች፣ ጥር 26 ቀን ደግሞ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች በሙሉ ተወረሱ፤ ከእነዚህ ሌላ በ29 ድርጅቶች ውስጥ መንግሥት አብላጫውን ድርሻ ያዘ። የአዲስ አበባ ባንክ በአገሩ ይሠሩ ከነበሩ ሁለት የጣልያን ባንኮች ጋር ተቀላቅሎ አዲስ ባንክ ተባለ፤ እርሱም በ1972 ዓ.ም ወደ ንግድ ባንክ ገባ፤ አሥራ ሦስቱ የመድን ኩባንያዎች በአንድ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተጠቀለሉ። የአክሲዮን ንግድ ቡድኑም ተበተነ፤ በየቤቱ የቀረው የአክሲዮን ምስክር ወረቀትም ገዥ የሌለው ሰነድ ሆነ።

በዚህ መዓት ውስጥ ስለ ባለቤትነት እጅግ የሚያስተምር አንድ ጉዳይ አለ። በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት የሚገኝ ካላማዙ የተባለ የቅመም ኩባንያ፣ በኢትዮጵያ የቅመማ ቅመም አክሲዮን ማኅበር ውስጥ 80 በመቶ ድርሻ ነበረው፤ ድርሻው በአዋጁ ከግማሽ በታች ዝቅ ባለበት ጊዜ በአገሩ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በታኅሣሥ 1978 ዓ.ም የኢትዮጵያ መንግሥት የአሜሪካውያንን የተወረሰ ንብረት ጥያቄ ለመዝጋት 7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከባዕዱ ባለአክሲዮን ጀርባ ኃያል መንግሥት ስለ ቆመ ወረቀቱ ከውርስ በኋላ እንኳ ዋጋ ነበረው፤ ኢትዮጵያዊው ባለአክሲዮን ግን አቤት የሚለው ራሱ ለወሰደበት መንግሥት ነበር። አክሲዮን ከወረቀቱ ይልቅ ወረቀቱን በሚያስከብረው ሕግ እንደሚኖር ያ ትውልድ በኪሣራው ተማረ።

ከውርሱ ወዲህ በነበሩት አብዛኞቹ የደርግ ዓመታት የግል ባለሀብት የሚፈቀድለት ካፒታል ከ500,000 ብር እንዳያልፍ ተገድቦ፣ ከአንድ የንግድ ፈቃድ በላይም እንዳይዝ ተከልክሎ ስለ ነበር፣ አክሲዮን የሚለው ቃል ከሰው አፍ ሊጠፋ ትንሽ ቀረው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በጥር 1986 ዓ.ም የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 84 ግን የባንክን በር ለኢትዮጵያውያን ዜጎች፣ ለእነርሱም ብቻ፣ ከፈተ፤ በዓመቱም ኅዳር 1 ቀን 1987 ዓ.ም አዋሽ ኢንተርናሽናል ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ተመሠረተ። ቀጥሎ በ1988 ዓ.ም ዳሸን ባንክ በ11 መሥራቾችና በ14.9 ሚሊዮን ብር ተተከለ፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር፣ የምኒልክ ባንክ በተከፈተ በዘጠና ዓመቱ፣ አቢሲንያ ባንክ የድሮውን ስም ይዞ በ131 ባለአክሲዮኖችና በ17.8 ሚሊዮን ብር ሥራ ጀመረ። እነዚህን ሦስት መዝገቦች ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው፣ የአዋሽ መሥራች በአማካይ 50,000 ብር ያህል፣ የአቢሲንያው 136,000 ብር ያህል፣ የዳሸኑ ግን ከ1.3 ሚሊዮን ብር በላይ ይዞ እንደ ገባ ያገኘዋል፤ ሦስቱም በአንድ ሕግ የቆሙ፣ በውጭም ሲታዩ አንድ ዓይነት አክሲዮን ማኅበር ናቸው፤ የሀብታቸው አቀማመጥ ግን ለየቅል ነበረ።

የመንግሥትን ንብረት ወደ ግል ማዛወሩ ሌላ መንገድ ያዘ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1990ዎቹ መባቻ በ10 ሚሊዮን ዶላር ለፈረንሳዩ ቢ ጂ አይ፣ የሐረርና የበደሌ ፋብሪካዎች በ2003 ዓ.ም በ163 ሚሊዮን ዶላር ለሆላንዱ ሄኒከን፣ ሜታ አቦም በ2004 ዓ.ም በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ ዲያጆ የተሸጡት ባንዴ ተጠቃለው ስለ ነበር፣ በመንግሥት እጅ የነበረው ሀብት በአክሲዮን ተሸንሽኖ ለሕዝቡ ይደርስ የነበረበት ዕድል በጨረታ አለፈ። በአንጻሩ በ1987 ዓ.ም የተቋቋመው የትግራዩ ትእምትና የአማራው ጥረት የመሳሰሉት የልማት ድርጅቶች ፋብሪካና እርሻ እያፈሩ የሕዝብ ሀብት ነን ሲሉ ቆዩ፤ ሆኖም ሕዝቡ የድርሻ ወረቀት አልነበረውም፤ በጉባኤም ድምፅ አይሰጥም ነበር፤ የሀብቱ አዛዥ ቦርዱን የሚሰይመው ወገን ነበረ።

በ1990ዎቹ ማብቂያና ከ2000 ዓ.ም ወዲህ የአክሲዮን ወሬ ወደ ተራው ሰው ወረደ። በአዲስ አበባ ከኦሎምፒያ እስከ ወሎ ሰፈር፣ ከወሎ ሰፈርም ወደ ጎተራ በሚታጠፈው የኢትዮ ቻይና መንገድ ግራ ቀኝ በተሠሩት ሕንጻዎች ላይ በስማቸው መጨረሻ «በምሥረታ ላይ» የሚል ቅጽል ያስከተሉ አክሲዮን ማኅበራት ቢሮ እየተከራዩ ሰሌዳቸውን ሰቀሉ፤ ባንክ፣ መድን፣ ሲሚንቶ፣ ቢራ፣ የማዕድን ውሃ፣ የመኖሪያ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሁሉም በአክሲዮን ይሸጥ ነበር። ሻጮቹ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ብሂል በየማስታወቂያው አስቀድመው፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየዕድሩ እየዞሩ ፎርም ያስሞሉ ነበር፤ ገዥው በዕቁብ የደረሰውን፣ ከዓረብ አገር የተላከለትን ወይም ሱቁን ሸጦ ያገኘውን ገንዘብ ይዞ ቀርቦ ከአክሲዮኑ ዋጋ ጋር አምስት በመቶም ሆነ ከዚያ በላይ የአገልግሎት ክፍያ ይከፍል ነበረ፤ ይህችም ክፍያ ማኅበሩ ቢቆምም ባይቆምም ለአደራጆቹ የምትቀር ነበረች። ከእነዚህ ማኅበራት አንዳንዶቹ ለወግ ለማዕረግ በቁ፤ ሐበሻ ቢራ ከ8,000 የሚበልጡ ባለአክሲዮኖችን አሰባስቦ ፋብሪካውን በደብረ ብርሃን አቆመ፤ ነገር ግን ማሽኑን ለማስመጣትና ገበያውን ለመድፈር የውጭ ሸሪክ አስፈልጎት ሆላንዳዊው ባቫሪያ ገባ፤ ኋላም ድርሻው ወደ 60 በመቶ ደረሰ። ሌሎቹ ግን ሰሌዳቸውን አውርደው ሲሄዱ የቀረው የገዥው ደረሰኝ ብቻ ነው።

የባንኮችን መዝገብ በጥቂቶች እጅ እንዳይወድቅ ለመጠበቅ የ2000 ዓ.ም የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 ከመንግሥት በቀር ማንም ሰው፣ ከትዳር ጓደኛውና አካለ መጠን ካልደረሱ ልጆቹ ጋር ተደምሮ፣ ከአንድ ባንክ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ከለከለ፤ 2 በመቶና ከዚያ በላይ የያዘውንም ተፅዕኖ ፈጣሪ ባለአክሲዮን ብሎ ለየው። ድንጋጌው መልካም ነበር፤ ሆኖም ሒሳቡን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ካፒታሉ 5 ቢሊዮን ብር በሆነ ባንክ 5 በመቶ ማለት 250 ሚሊዮን ብር ነው፤ የ10,000 ብር አክሲዮን ያለው የወሎ ሰፈር ባለሱቅ ከዚህ አንድ ሰው ጋር በድምፅ ለመስተካከል እንደ እርሱ ያሉ ሌሎች 24,999 ባለአክሲዮኖችን ማሰባሰብ አለበት፤ ከፍ ብለንም ብናስብ፣ እያንዳንዳቸው 5 በመቶ የያዙ ሃያ ሰዎች ሕጉን አንዲት ነቁጥ ሳያፈርሱ የአንድን ባንክ መቶ በመቶ ሊጠቀልሉት ይችሉ ነበር። ስም ለስም የሚደረገው መሸሸግም ነበረ፤ በወንድም፣ በእኅት፣ በአካለ መጠን በደረሰ ልጅ ስም የተያዘውን ሕጉ እንደ ሌላ ሰው ሀብት ይቆጥረው ነበርና።

ይህ በተግባር የሚታየው በጠቅላላ ጉባኤ ቀን ነው። የበጀት ዓመቱ በሰኔ ወር ተዘግቶ ሒሳቡ በኦዲተር ከተመረመረ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ባሉት ቅዳሜዎችና እሑዶች፣ የባንኮቹ ጉባኤዎች በየሆቴሉና በቦሌው ሚሊኒየም አዳራሽ ይካሄዳሉ፤ በበሩ በፊደል ተራ የተደረደሩ ጠረጴዛዎች አሉ፤ ባለአክሲዮኑ መታወቂያውን አሳይቶ ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ያስፈልጋል፣ ይፈርማል፣ የድምፁ ብዛት የተጻፈበትን የድምፅ መስጫ ወረቀት ይቀበላል፤ በእጁ ያለው ወረቀት 10 ድምፅ ቢል ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ደግሞ የራሱንና በውክልና የሰበሰበውን አዳምሮ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ድምፅ ይዞ ይሆናል። ምልዓተ ጉባኤው እስኪሞላ ይጠበቃል፤ የቦርዱ ሰብሳቢ ሪፖርቱን ያነባሉ፤ አረጋውያን ባለአክሲዮኖች እጃቸውን አውጥተው የትርፍ ድርሻው ለምን እንዳነሰ ይጠይቃሉ፤ ጭብጨባውም ለእነርሱ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሕንጻ በሦስት ተከፍሎ ምእመኑ ሁሉ ቅኔ ማሕሌት፣ ጥቂቱ ቅድስት፣ ከጥቂቱም ጥቂቱ መቅደስ እንደሚገባ ሁሉ፣ በዚህም ጉባኤ ንግግሩ የሁሉም፣ ምርጫው የጥቂቶች፣ ውሳኔው ከጥቂቶቹም የጥቂቶቹ ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ ከቦርዱ መቀመጫ ከፊሉ ተፅዕኖ ፈጣሪ ላልሆኑት እንዲጠበቅ በመመሪያ ማዘዙም ይህንኑ ተገንዝቦ ነው።

በ2009 ዓ.ም ደግሞ መዝገቡ እንደ ገና ተፋቀ። በደርግ ዘመን ተሰደው የሌላ አገር ዜግነት የወሰዱ ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ ባንኮቹ ሲቋቋሙ ለወገን ጥሪ ምላሽ ይሆናል ብለው አክሲዮን ገዝተው ነበር፤ ሕጉ ግን ባንክን ለኢትዮጵያውያን ዜጎች ብቻ የፈቀደ ስለ ሆነ ብሔራዊ ባንክ ድርሻቸው እንዲለይና በጨረታ እንዲሸጥ አዘዘ። ባለቤቱ የተመለሰለት በአክሲዮኑ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያ ዋጋ ብቻ ነበር፤ በጨረታው የተገኘው ብልጫ ወደ መንግሥት ካዝና ገባ። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት በትዕግሥት የጠበቀው ሰው ገንዘቡ በዋጋ ንረት ተበልቶ ሲመለስለት፣ ተጫራቹ ስንት እጥፍ ለመክፈል እንደ ተሻማ በጋዜጣ ያነብ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2011 ዓ.ም ማብቂያ፣ አዋጅ ቁጥር 1159 ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንክ ሥራ ዳግመኛ እንዲገቡ ፈቀደ፤ ለተወሰደው ብልጫ ግን መመለሻ አልተደረገለትም።

በዚህ መካከል አንድ ባንክ ለመቆም የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ካፒታል ከ10 ሚሊዮን ብር ተነሥቶ ወደ 75 ሚሊዮን፣ ወደ 500 ሚሊዮን፣ ወደ 2 ቢሊዮን፣ በ2013 ዓ.ም በወጣው መመሪያም ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አለ። ይህም ሁለት ነገር አስከተለ። አዲስ ባንክ የሚያቋቁም ሰው እንደ ድሮው አሥራ አንድ ወዳጆቹን ሰብስቦ መጀመር ስለማይችል ብዙ ሕዝብ መጥራት ግድ ሆነበት፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም ሥራ የጀመረው አማራ ባንክ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ባለአክሲዮኖችን ይዞ የተነሣው በዚህ መንገድ ነው። በሌላ በኩል ነባሮቹ ባንኮች ካፒታላቸውን ለማሟላት የትርፍ ድርሻው እንደ ገና በአክሲዮን እንዲተካ በየጉባኤው አስወሰኑ፤ ይህ ለባለጸጋው ሀብቱን ማሳደጊያ ሲሆን፣ የትርፍ ድርሻውን ለልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ይጠብቅ ለነበረው ግን ወይ ጥሬ ገንዘቡን መተው፣ ወይ ድርሻውን ከአዲሱ ካፒታል ጋር ሳያሳድግ እያነሰ እንዲሄድ ማየት ሆነ። ከልማዱ የወጡም ነበሩ፤ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ የገበሬዎችን ማኅበራት ዋነኛ ባለድርሻ አድርጎ፣ በአሥራ አንድ ሴቶች የተጠነሰሰው እናት ባንክም አብዛኛውን ባለአክሲዮን ከሴቶች ወገን አድርጎ ተነሥተዋል።

በ2013 ዓ.ም ሁለት ታላላቅ ሕጎች ወጡ፤ አዲሱ የንግድ ሕግ ለአምጪው የሚከፈለውን አክሲዮን አስቀርቶ እያንዳንዱ ድርሻ በስም እንዲመዘገብ አደረገ፤ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ደግሞ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንና የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ እንዲቋቋሙ መንገድ ጠረገ። ገበያው መንግሥት ከሩብ የማይበልጥ ድርሻ ይዞበት ከ1.5 ቢሊዮን ብር በላይ ሰብስቦ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ፣ በሰሌዳው የመጀመሪያ የሆነው ወጋገን ባንክ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሕዝቡን አቅም የመዘነው የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ነው። መንግሥት ከኩባንያው 10 በመቶ የሚሆነውን 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር፣ ከጥቅምት 2017 ዓ.ም ጀምሮ በኩባንያው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት በቴሌብር አማካይነት ለዜጎች አቀረበ፤ አንድ ሰው ቢያንስ 33 አክሲዮን፣ ይኸውም በ9,900 ብር፣ ቢበዛም 3,333 አክሲዮን፣ ይኸውም በ999,900 ብር እንዲገዛ ተወሰነ። በየካቲት ሽያጩ ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን በ3.2 ቢሊዮን ብር ገዝተው ነበር፤ ይህ ለሽያጭ ከቀረበው አንድ አሥረኛውን በጥቂት የሚያልፍ፣ ከጠቅላላው ኩባንያ ደግሞ አንድ በመቶ ገደማ ነው። ዝቅተኛውን መጠን ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ ለብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ከወር ደመወዝ የሚበልጥ በመሆኑ፣ ስልኩ በእጁ፣ ቴሌብሩ በስልኩ ያለ ሚሊዮን ሕዝብ ገበያውን ከሩቅ ተመለከተ። ኩባንያው ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ባለቤቶች አሉት ማለት እውነት ነው፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ እጅ የአንድ ባለቤት ነው ማለትም እኩል እውነት ነው።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም የጸደቀው አዲስ የባንክ አዋጅ ለውጭ ባለሀብት በሩን ከፍቶ በአንድ ባንክ ውስጥ የውጭ ድርሻ በጠቅላላው እስከ 49 በመቶ እንዲደርስ ስለ ፈቀደ፣ ከምኒልክ ባንክ ጀምሮ ስንመላለስበት የኖርነው ጥያቄ እንደ ገና ከፊታችን ቆሟል። ለንጽጽር ወደ አሜሪካ ብንመለከት፣ ከቤተ ሰቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በቀጥታም ሆነ በጡረታ ቁጠባው በኩል አክሲዮን አለው፤ ሆኖም በቤተ ሰቦች እጅ ካለው የአክሲዮን ሀብት ወደ ዘጠና በመቶ የሚጠጋው ከላይ ባሉት አሥር በመቶ ባለጸጎች ዘንድ ይገኛል። ይህን የኋለኛውን የምናውቀው የአገሩ ማዕከላዊ ባንክ በየሩብ ዓመቱ ቈጥሮ ስለሚያወጣው ነው። የእኛ ሠራተኛ ደግሞ የጡረታ ገንዘቡ ለረጅም ዘመን በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ተቀምጦ ስለ ኖረ፣ በዚህ በተዘዋዋሪ መንገድ እንኳ የኩባንያ ባለቤት ለመሆን አልታደለም።

ስለዚህ በየኅዳሩ ሪፖርት ባለአክሲዮኖቻችን ይህን ያህል ሺህ ደረሱ የሚለው ብሥራት ብቻውን ሊያጠግበን አይገባም። ኩባንያዎቻችን የማንንም ስም ሳይጠሩ፣ ከ10,000 ብር በታች የያዙት ስንት ናቸው፣ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ የያዙትስ፣ ከሁሉ የላቁት ሃያዎቹ ተደምረው ከመቶው ስንቱን እጅ ይይዛሉ፣ በጉባኤው ከተሰጠው ድምፅ ስንቱ በውክልና የመጣ ነው የሚለውን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ቢያትሙ፣ ቅኔ ማሕሌት የቆመው ባለድርሻ ከመቅደሱ ምን ያህል እንደ ራቀ ያውቃል፤ ሕግ አውጪውም የ5 በመቶው አጥር ማንን እንደ ከለከለና ማንን እንዳሳለፈ ይረዳል። ለዚህም አዲስ ጥናትም ሆነ አዲስ ኮሚሽን አያሻም፤ አሁን ድርሻ ሁሉ በስም የተመዘገበ ነውና፣ ቁጥሩ በእያንዳንዱ ባንክ የአክሲዮን ክፍል ኮምፒዩተር ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ የጎደለው የማተም ግዴታ ብቻ ነው።